ፍሪላንሰር ሆኖ ዕቅድ ማውጣትና ዕቅድ ላይ መቆየት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ እተረጉማለሁ። ቅጥር ትቼ ለብቻዬ መሥራት ከጀመርኩ ስምንት ዓመት ሞላኝ። የምኖረው አዲስ አበባ ነው፣ ከእናቴ ጋር። ዲዛይን የሚሠሩ፣ ቪዲዮ የሚያቀናብሩ፣ ኮድ የሚጽፉ ጀማሪዎች ሲያገኙኝ የሚጠይቁኝ ስለ ዋጋ ይመስላችሁ ይሆናል። አይደለም። አብዛኛው «ያቀድኩትን ለምን አልፈጽምም?» ነው የሚለው። ደጋግሜ የምሰጠውን መልስ እዚህ ሰብስቤዋለሁ። ምሳሌዎቼ ከትርጉም ሥራ ናቸው፤ እናንተ በየሙያችሁ ቀይሯቸው።

«በወር 40 ሺህ ብር አገኛለሁ» ብዬ ባቅድ ምን ችግር አለው?

ሁለት ችግር አለው። አንደኛው ብሩ ራሱ ነው። በ2016 መስከረም ላይ ደብተሬ ሽፋን ላይ በወር ማግኘት የምፈልገውን በብር ጽፌ ነበር። ከደንበኞቼ ግማሽ ያህሉ የሚከፍሉኝ በዶላር ነው። ዓመቱን ሙሉ ያንን ቁጥር ስሮጥበት ከረምኩ፤ አልደረስኩበትም። ሐምሌ 22 ቀን የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ነሐሴ ላይ ግቤን አለፍኩት! ደብተሬን ሳገላብጥ ግን በነሐሴ የሠራሁት ከሰኔው ያነሰ ነው። ደስታዬም የቆየው ሱቅ ሄጄ የዘይት ዋጋ እስክጠይቅ ነበር።

ሁለተኛው ችግር ይብሳል። ብሩ በእጃችሁ አይደለም። ደንበኛው እሺ ማለት አለበት፣ ቀብድ መላክ አለበት፣ ሥራውን ወድዶ ቀሪውን መክፈል አለበት። በሌላ ሰው እሺታ ላይ የቆመ ነገር ምኞት ነው። መመኘት ነውር የለውም። ግን ጠዋት ተነስታችሁ «ዛሬ ምን ልሥራ?» ስትሉት መልስ የለውም።

ስለዚህ ብሩን የማሰላው ከደብተሩ በስተጀርባ ነው። ፊት ለፊት የምጽፈው በገዛ እጄ የሚሠራውን ብቻ ነው። ዛሬ ስንት ቃል ተረጎምኩ? ዛሬ ለስንት ሰው ጻፍኩ?

ታዲያ ቀኔን በምን ልለካው?

በምትሸጡት ነገር። ሰዓት መቁጠር አልወድም፣ ሰዓት ይሸነግላል። ሦስት ሰዓት ሙሉ ወንበር ላይ ተቀምጬ አንድ አንቀጽ ያልጨረስኩበት ቀን አውቃለሁ።

የእኔ ልክ በቀን 1,500 ቃል ነው። ሁለት ሺህ የምሠራበት ቀን አለ፣ ከዚያም በላይ። 1,500 ያልኩት ጥርሴን አሞኝም ቢሆን ስለምደርስበት ነው።

ግን የምትቆጥሩት ነገር የቱ ጋ እንደሚቆጠር እወቁ። እኔ ይህን የተማርኩት ከፍዬ ነው። መጀመሪያ አካባቢ ረጅም ሰነድ ተቀበልኩ፤ ክፍያው በቃል ነው። የሚቆጠረው የአማርኛው ቃል መሆኑን ያየሁት ሂሳቡ ሲላክልኝ ነው። እንግሊዝኛ አምስት ቃል አሰልፎ የሚናገረውን አማርኛ «አላየሁትም» ብሎ በአንዲት ቃል ይዘጋዋል። ማን እንዳላየ፣ ማንን እንዳላየ፣ ሁሉም እዚያች ግስ ውስጥ ታጭቋል። ሰነዱን ሙሉውን ተረጎምኩት፣ የተከፈለኝ ግን በተጨመቀው ልክ ነው። ያን ወር የቀን ግቤን አንድም ቀን አላጎደልኩም። ገንዘቡ ግን ጎደለ። ከዚያ ወዲህ የምቆጥረው እንግሊዝኛውን ነው፣ ውሉም ላይ እንደዚያው ይጻፋል። በገጽ ለሚከፍሉም «ገጽ ማለት ስንት ቃል ነው?» ማለት አትፈሩ። በደቃቅ ፊደል ጢም ብሎ የተሞላ «አንድ ገጽ» ተልኮልኝ ያውቃል።

በወር ስንት የሥራ ቀን አለኝ ብዬ ላስብ?

ከምታስቡት ያነሰ። ወሩ 30 ቀን ነው። አራት እሑድ ስትቀንሱ 26 ይቀራል። ብዙ ሰው እዚህ ያቆማል። ቀጥሉ። በሳምንት አንድ ቀን ለሂሳብ፣ ለኢሜይልና ደንበኛ ለመፈለግ ይሄዳል፤ 22። በዓል አለ፣ ለቅሶ አለ፣ ጉንፋን አለ፣ መብራት ይጠፋል። ለእነዚህ አራት ቀን ብትተዉ 18 ይሆናል። እኔ የማባዛው በ18 ነው። 18ን በ1,500 ስናባዛ 27,000 ቃል ይመጣል። አሁን የቤት ኪራይ፣ አስቤዛ፣ ኢንተርኔት፣ ትራንስፖርትና ለግብር የሚቀመጠውን ደምሩና ለ27,000 አካፍሉት። የሚወጣው ቁጥር ከእሱ በታች የማትወርዱበት የቃል ዋጋ ነው።

ጀማሪ ሆይ፣ በ26 ቀን አስልተህ ዋጋ ከሰጠህ ወር ባለቀ ቁጥር ሌሊት ትሠራለህ። ሰነፍ የሆንክም ይመስልሃል። የተሳሳተው ስሌቱ ነው።

ጳጉሜን በዚህ ሂሳብ ውስጥ የለችም። ደመወዝተኛ ጳጉሜን ያለ ደመወዝ ይሠራታል እያለ ያማርራል። እኔ ያለ ግብ ነው የማሳልፋት።

መስከረም ላይ የማወጣው የዓመት ዕቅድ ጥቅምት ላይ ይሞታል። ለምን?

ዓመት ረጅም ነዋ። ደግሞ አደይ አበባና አዲስ ማስታወሻ ደብተር ያሰክራሉ፤ እንቁጣጣሽ ማግስት የተጻፈ ዕቅድ ላይ አሥራ አምስት ነገር ይደረደራል።

ጾምን አስቡት። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። የሚጾም ሰው ጠዋት ጠዋት «ዛሬ ልጹም ወይስ ልተው?» ብሎ ከራሱ ጋር አይሟገትም። አንዴ ተወስኗል። መያዣው ይታወቃል፣ መፍቻው ይታወቃል፣ ጎረቤትም አብሮ ይጾማል። ረመዳንም እንደዚያው ነው፤ ወሩ ያልቃል፣ ዒድ ይመጣል። የሰው ጉልበት የሚያልቀው ከሥራው ይልቅ በየቀኑ በሚደረገው ሙግት ነው፣ በእኔ ዓይን።

ስለዚህ ሥራዬንም ወደ ሁለት ወር ገደማ በሆነ ዙር ቆርጬዋለሁ። በአንድ ዙር አንድ ነገር ብቻ። ያለፈው ዙሬ «1,500ው ሳይሞላ ቴሌግራም አይከፈትም» የሚል ነበር። 55 ቀን፣ ሌላ ምንም የለም። መፍቻዬ ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ስክሮል ሳደርግ ዋልኩ። ማታ ላይ ራሴን አመመኝ።

ቤት ስለምሠራ ሁሉም ሥራ ፈት አድርጎ ያየኛል። ምን ላድርግ?

ይቺን ጥያቄ በደንብ አውቃታለሁ። ስልኬ ይጠራል። «ቤት ነሽ አይደል?» ትላለች የአክስቴ ልጅ። ይህ የመግቢያ ንግግር ነው። ቀጥሎ የሚመጣው «ጋዝ የሚያደርስ ልጅ ይመጣል፣ ተቀበይልኝ» ወይም «ልጁን ከትምህርት ቤት አምጪልኝ» ነው። እናቴ ደግሞ አራት ሰዓት ላይ ቡና ታፈላለች። ጎረቤት ይጠራል። «ለአንድ ስኒ» ብዬ እቀመጥና በረካን ጠጥቼ እነሳለሁ። ከአቦል እስከ በረካ አንድ ሰዓት ተኩል።

አስረዳሁ፣ ለመንኩ፣ ተቆጣሁ፤ አልሆነም። እውነቱን ለመናገር ላፕቶፕ ፊት የተቀመጠ ሰው ይተርጉም ፊልም ይይ ከበር ላይ አይለይም። በመጨረሻ የሠራልኝ ጫማ ነው። አንድ ቀን ከውጭ እንደገባሁ ሥራ ቸኩሎብኝ ጫማዬን ሳላወልቅ ተቀመጥኩ። እናቴ በር ላይ ቆማ እግሬን አየች።

«ልትወጪ ነው?»

«ሥራ ላይ ነኝ እማዬ።»

ምንም አላለችም። በሩን ገርበብ አድርጋ ሄደች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ጥቁር ጫማዬን አስሬ እቀመጣለሁ፤ ሰባት ሰዓት ላይ ነጠላ ጫማ አደርጋለሁ። በነጠላ ጫማ ሳለሁ ማንም ምንም ሊያዘኝ ይችላል። ቡናውም ሳልናገር ወደ ሰባት ተኩል ዞሯል። ማንም አልተቀየመኝም።

ለቅሶ ግን በጫማ አይመለስም። ሰው ሲሞት ይኬዳል፣ ዕድርም ይጠይቃል። ለዚህ ብዬ ዓርብ ከሰዓትን ባዶ እተዋለሁ። ለቅሶ ከነበረ ያመለጠኝን እዚያ እሠራለሁ። ካልነበረ አነባለሁ ወይም እተኛለሁ።

«ትንሽ ናት፣ ሁለት ገጽ ብቻ» የሚለኝን ዘመድ እንዴት እምቢ ልበል?

እኔም ይሉኝታ አለብኝ፣ እምቢ ማለት አልችልበትም። ስለዚህ እምቢ የሚል ቁጥር አበጀሁ። በወር ሁለት የነፃ ሥራ አለኝ፣ ደብተሬ ላይ ቦታ አላቸው። ሦስተኛው ሲመጣ «የዚህ ወር ሞልቷል፣ ለሚቀጥለው ልያዝልህ?» እላለሁ። ግማሹ እዚያው ይተወዋል። የልደት ወይም የጋብቻ ሰርተፊኬት ከሆነ ደግሞ ፈጣሪ ይመስገን፣ ኤምባሲ የሚፈልገው የትርጉም ቤት ማኅተም ነው። እኔ ማኅተም የለኝም።

ውጭ አገር ካለ ደንበኛ ጋር ስሠራ ቀነ ገደቡ ዕቅዴን ያበላሽብኛል። ምን ላስተካክል?

ሰዓቱን። ዋሽንግተን የምትኖር አንዲት አበሻ ደንበኛ «ዓርብ 5 ሰዓት ላይ እፈልገዋለሁ» አለችኝ፣ በአማርኛ፣ በስልክ። እኔም አምስት ሰዓት ሲባል የማውቀው ረፋዱን ነው። ሐሙስ ሌሊቱን ሙሉ ሠርቼ ዓርብ ረፋድ 5 ሰዓት ላይ ላክሁላት። እሷ አገር ገና አልነጋም። እሷ ያለችው የዋሽንግተንን የሥራ መውጫ ሰዓት ነበር። በጋቸው ስለነበር ለእኛ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት፣ ለቅዳሜ አጥቢያ መሆኑ ነው። ገና ተጨማሪ 13 ሰዓት ነበረኝ ማለት ነው። ከዚያ ሌሊት በኋላ ሦስት ቀን ሙሉ አልተረጎምኩም።

አሁን ቀነ ገደብ በጽሑፍ ነው የምቀበለው፤ «በአዲስ አበባ ሰዓት፣ ከምሽቱ ይህን ያህል» የሚል። አሜሪካኖቹ ሰዓታቸውን በየካቲት መጨረሻ ወይም መጋቢት መጀመሪያ ወደፊት እንደሚገፉ፣ ጥቅምት መጨረሻ ላይ እንደሚመልሱም አትርሱ። እኛ አንነካካም። ከዋሽንግተን ጋር ያለን ልዩነት ስለዚህ አንዴ ሰባት አንዴ ስምንት ሰዓት ነው።

መብራትና ኢንተርኔት ሲጠፋስ?

ማታ ከመተኛቴ በፊት የነገውን ፋይል አውርጄ ላፕቶፑን ቻርጅ አደርጋለሁ። መብራት ሲሄድ ቢያንስ በባትሪው ልክ እሠራለሁ። ከዚያ በኋላ በስልክ የሚሠራ አንድ ሥራ ይጠብቀኛል፣ ለምሳሌ የቃላት ዝርዝር ማስተካከል። ካፌ እሄዳለሁ ብላችሁ አታቅዱ። ጀኔሬተር ያለው ካፌ መብራት በጠፋ ቀን ወንበር የለውም።

ሥራ በጠፋበት ወር ምን ግብ ይወጣል?

መጀመሪያ ወሮቹ እኩል አለመሆናቸውን ልብ በሉ። የመንግሥት በጀት ዓመት ሰኔ 30 ይዘጋል። በእኔ ልምድ ግንቦትና ሰኔ «አስቸኳይ» የሚል ሥራ ይጎርፋል፤ ሐምሌ ሲገባ ስልኩ ጭር ይላል። የውጭዎቹ ደግሞ በእነሱ ገና ሰሞን ይጠፋሉ። የእኛ ገና እስኪደርስ አይመለሱም። ለሐምሌና ለሰኔ አንድ ዓይነት ግብ ማውጣት ክረምትን ከበጋ መጠበቅ ነው።

በጭርታ ወር የትርጉም ግቤን ለጊዜው እተወዋለሁ። በምትኩ በሳምንት አምስት ደብዳቤ። «ሥራ አለ?» የሚል የጅምላ መልእክት አይደለም። ድርጅቱ ያወጣውን አንድ ነገር አነባለሁ፣ አንድ አንቀጽ ተርጉሜ አያይዛለሁ። የአንድ ዓመት ክረምት ደብተሬ ላይ 38 ደብዳቤ ይላል። ሰባቱ መለሱ። ሁለቱ ሥራ ሰጡኝ፤ አንዷ እስከ ዛሬ ደንበኛዬ ናት። በ20ኛው ደብዳቤ ላይ ብተወው ኖሮ እሷን አላገኛትም ነበር፤ 31ኛዋ ናት።

ገንዘብ ሲገባ ወዲያው ይጠፋል። ቁጠባን እንዴት ግብ ላድርገው?

ዕቁብ ግቡ። ለራሴ የገባሁትን ቃል ማፍረስ ይቀለኛል። የዕቁብ ዳኛችንን ግን ሳልከፍል ዓይኑን ማየት አልችልም። የመጀመሪያውን ደህና ላፕቶፔን የገዛሁት በዕቁብ ነው። በባንክ ቁጠባ ብል እስከ ዛሬ በአሮጌው ላይ ነበርኩ።

መጠኑን ግን በሰኔ ገቢያችሁ አትወስኑ፣ በሐምሌው ወስኑ። አንድ ቪዲዮ የሚሠራ ጓደኛዬ ሠርግ በበዛበት ሰሞን ትልቅ ዕቁብ ገባ። ዕጣው ገና በሁለተኛው ወር ወጣለት፣ ካሜራ ገዛ። ከዚያ ጾም ገባ፣ ሠርግ ቆመ። ዋስ የሆኑት አጎቱ ናቸው፤ ሁለት ወር እሳቸው ከፈሉለት። ካሜራው አሪፍ ነው። ቤተ ዘመድ በተሰበሰበ ቁጥር ግን ይነሳበታል። የሁለት ወር ክፍያ ለብቻው ሳታስቀምጡ አትጀምሩ።

አንድ ቀን ካመለጠኝ በማግስቱ እጥፍ ልሥራ?

አትሥሩ። የትናንቱን 1,500 ዛሬ ላይ ስትከምሩት ዛሬም ያቅታል፤ ነገ 4,500 ይሆናል። እንደ ወለድ ነው። ያመለጠውን ቀን ኤክስ አድርጉበት፣ ዕለፉ። ለዚህ ነው መጀመሪያውኑ በ18 ቀን ያሰላነው።

ለባሰ ቀን ደግሞ ትንሽ ግብ ይኑራችሁ። የእኔ አንድ አንቀጽ ነው። ወባ ይዞኝ አልጋ ላይ ሆኜ አንድ አንቀጽ ተርጉሜ አውቃለሁ፤ በኋላ ሳየው ጉድ ነበር፣ ሰረዝኩት። ፋይሉን ግን ከፍቼዋለሁ። ሳምንት ሙሉ ያልተከፈተ ፋይል እንዴት እንደሚያስፈራ የምታውቁት ታውቁታላችሁ።

የትኛውን መተግበሪያ ልጠቀም?

የራዲካል ደብተር። ስልክ ላይ ዕቅዴን ለማየት ስገባ ሌላ ነገር አይቼ እወጣለሁ።

ግቤን መቀየር የምችለው መቼ ነው?

ዙሩ ሲያልቅ። መሃል ላይ «ይሄ ግብ አይሆነኝም» የሚያሰኘው ብዙ ጊዜ ድካም ነው። ጳጉሜን ላይ ግን ደብተሩን ከመስከረም ጀምሬ አነበዋለሁ፣ እርሳስ ይዤ።

በአንድ ጳጉሜን ያገኘሁትን ልንገራችሁ። ደንበኞቼ «ተተርጉሟል፣ አንዴ ዓይተሽ መልሺልን» እያሉ በማሽን የተተረጎመ ጽሑፍ መላክ ጀምረው ነበር፤ ዋጋው በግማሽ። 1,500 ቃል በሁለት ሰዓት የምጨርስ መስሎኝ እሺ አልኩ። ጽሑፉ ግን በአንድ አንቀጽ ውስጥ አንባቢውን «አንተ» ብሎ ይጀምርና «እርስዎ» ይለዋል፤ ሲጨርስ «አንቺ» ይሆናል። እሱን ከማቃናት ከባዶ መተርጎም የሚሻልበት ጊዜ ብዙ ነው። ደብተሬ ላይ ግን ሁሉም 1,500 ነው። በጥሩ ሥራና በእርማት የዋለው ቀን አንድ ዓይነት ምልክት ይዟል። የቀን ግቤ ሳይጎድል ገቢዬ ለምን እንደወረደ ዓመቱን ሙሉ ያልገባኝ ለዚህ ነው።

አሁን ገጹ ሁለት ዓምድ አለው። በግራ ከባዶ የተረጎምኩት፣ በቀኝ ያረምኩት። እርማት የምቀበለው በሰዓት ዋጋ ብቻ ነው። ይህን ስነግራቸው ሁለት ደንበኞች ሄዱ። ሦስተኛው «እሺ፣ ከባዶ ተርጉሚው» አለኝ።